በሰው ሰራሽ አስተውሎት ማስተርስ መማር፦ ውስጡ ምንድን ነው ያለው?

ሲጠይቁት የሚመልስ፣ ፎቶ ሲያሳዩት የሚለይ ሶፍትዌር በየስልኩ ከገባ ወዲህ «ማስተርሴን በኤአይ ልማር ነው» የሚል ሰው በዝቷል። ዩኒቨርሲቲዎችም አልቦዘኑም። ትናንት «ኮምፒውተር ሳይንስ» ይባል የነበረው ፕሮግራም ዛሬ «ሰው ሰራሽ አስተውሎት» የሚል ታፔላ ለጥፎ ይጠብቃል።

ችግሩ፣ ብዙው አመልካች ከታፔላው ጀርባ ምን እንዳለ ሳያይ ነው የሚገባው። አንዳንዱ ቻትጂፒቲን አሳምሮ መጠቀም የሚያስተምሩት ይመስለዋል። ሌላው ሮቦት ሊሠራ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚጠብቃቸው ግን ማትሪክስ፣ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው።

ትምህርቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከመረጃ የሚማር ፕሮግራም መሥራት። ሁለተኛው ፕሮግራሙ የምር መማር አለመማሩን ማረጋገጥ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ዲግሪውም ዋጋ የሚያገኘው በእሱ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንመጣበታለን። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

## ኤአይ፣ ማሽን ለርኒንግ፣ ዳታ ሳይንስ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሰው ሰራሽ አስተውሎት ሁሉንም የሚጠቀልለው ስም ነው። ስሙን ያወጣው ጆን ማካርቲ ሲሆን፣ በ1956 በዳርትመዝ ኮሌጅ ለተካሄደው የክረምት ዕረፍት ስብሰባ ነው የተጠቀመበት። ሐሳቡ፣ ሰው ሲሠራው «አሰበበት» የምንለውን ሥራ ማሽን እንዲሠራው ማድረግ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዋናው መንገድ ሕግ መጻፍ ሆኖ ቆየ። «ትኩሳት ካለውና ደረቱን ካመመው ይህን ጠርጥር» እያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕጎችን በእጅ መጻፍ ማለት ነው።

ማሽን ለርኒንግ ነገሩን ይገለብጠዋል። ሕጉን ሰው አይጽፍም። ብዙ ምሳሌ ከነመልሱ ይሰጥና ፕሮግራሙ ራሱ ሕጉን ይፈልጋል። ዲፕ ለርኒንግ ደግሞ የማሽን ለርኒንግ አንዱ ዘርፍ ነው፤ በብዙ ደረጃ የተደራረቡ ኒውራል ኔትወርኮችን፣ ማለትም እርስ በርስ የተያያዙ ትንንሽ የስሌት ክፍሎችን ይጠቀማል። ዳታ ሳይንስ ዘመዳቸው ነው፤ ወደ ስታቲስቲክስና ወደ ድርጅት ውሳኔ ያደላል።

ዛሬ «ማስተርስ በኤአይ» የሚባለው በአብዛኛው ማሽን ለርኒንግ ነው። ምክንያቱ ከ2012 ይጀምራል። ኢሜጅኔት በተባለው የምስል መለየት ውድድር ላይ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጡት አሌክስ ክሪዜቭስኪና ኢልያ ሱትስኬቨር ከአማካሪያቸው ከጄፍሪ ሂንተን ጋር ሆነው የስህተቱን መጠን ወደ 15.3 ከመቶ አወረዱት። ሁለተኛ የወጣው 26.2 ከመቶ ላይ ነበር። ልብ በሉ፣ ሁለቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡም፣ ተማሪውም፣ የፕሮግራሞቹ ስምም ወደዚያው ጎረፈ።

## ዲግሪው ስንት ዓይነት ነው?

ማስተርሱ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በኮርስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ክፍል ትማራላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮጀክት ትሠራላችሁ። ሁለተኛው ምርምር ላይ ያተኩራል፤ ኮርሱ ጥቂት፣ ቴሲሱ ከባድ ነው። ፒኤችዲ የሚያስብ ሰው ይህኛው ይሻለዋል። ሦስተኛው በእንግሊዝ አገር «ኮንቨርዥን» የሚሉት ነው። ከሌላ ሙያ ለሚመጡ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ባዮሎጂ ለተማሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጥልቀቱ ያነሰ ቢሆንም በር ይከፍታል።

ጊዜውም ይለያያል። እንግሊዝ አገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ ያውም ሩጫ የሆነ አንድ ዓመት። በሌላው አውሮፓ በብዛት ሁለት ዓመት ሲሆን፣ አሜሪካ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ይወስዳል። ፒኤችዲ አውሮፓ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ዓመት፣ አሜሪካ አምስትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። አሜሪካ ግን ማስተርስ ሳይኖር ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

ስምን ማመን ደግ አይደለም። ኤድንበራ ዩኒቨርሲቲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዘርፉ ሲያስተምር የኖረ ነው። ካርኔጊ ሜሎን በ2006 ማሽን ለርኒንግን ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል አድርጎታል። በሌላ በኩል ትናንት ስሙን ቀይሮ የመጣም አለ። መለየት ከባድ አይደለም፤ የኮርስ ዝርዝሩን ክፈቱት። ፕሮባቢሊቲ፣ ኦፕቲማይዜሽን፣ ዲፕ ለርኒንግ፣ የተፈጥሮ ቋንቋ ትንተና፣ ኮምፒውተር ቪዥን ካያችሁ ጥሩ ነው። አንድ የማሽን ለርኒንግ ኮርስ ብቻ ኖሮ የቀረው «ስትራቴጂ»፣ «ኢኖቬሽን»፣ «ሊደርሺፕ» ከሆነ ያ የማኔጅመንት ዲግሪ ነው። ማኔጅመንት ለሚፈልግ ምንም ነውር የለውም፤ መሐንዲስ ለመሆን ለተመዘገበ ሰው ግን ዱብ ዕዳ ነው።

## ሒሳቡ ያን ያህል የግድ ነው?

አዎ። ማስፈራራት አይደለም። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ሊኒየር አልጀብራ፣ ካልኩለስና ፕሮባቢሊቲ። ለምን እንደሆነ በወረቀትና በእርሳስ ማየት ይቻላል።

2 ሲገባ 6 መውጣት አለበት እንበል። ሞዴሉ፣ ማለትም ከመረጃ የሚማረው ፕሮግራም፣ ያለችው አንዲት ቁጥር ብቻ ናት፤ የገባውን በእሷ ያባዛል። መነሻዋ 1 ትሁን። 2 ሲገባ 2 ይወጣል፤ ከሚፈለገው በ4 አነሰ። ስህተቱን በራሱ ስናባዛው 16 ይሆናል።

እዚህ ላይ ካልኩለስ ይመጣና ይጠይቃል፦ ቁጥሯን ትንሽ ብንነካት ስህተቱ ወዴት ይሄዳል? በምን ያህል ፍጥነት? ሲሰላ መልሱ ከዜሮ በታች 16 ነው። ቁጥሯ ስታድግ ስህተቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ እናሳድጋት። የ16ን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 1.6 እንጨምርላት። 2.6 ሆነች። አሁን 2 ሲገባ 5.2 ይወጣል። አንድ ዙር ብንደግመው ቁጥሯ 2.92፣ ውጤቱ 5.84 ይሆናል። ወደ 6 እየተጠጋ ነው። ሞዴሉ «ተማረ» የሚባለው ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን በአንድ አሥረኛ ፈንታ ግማሹን እንውሰድ። ቁጥሯ ከ1 ተነስታ 9 ትደርሳለች፤ ውጤቱ 18። ለማረም ስንሞክር በሚቀጥለው ዙር ከዜሮ በታች 15 ላይ ትወድቃለች። በየዙሩ እየባሰ ይሄዳል። ኮዱ ላይ አንድም ስህተት የለም፤ እርምጃው ብቻ ነው የረዘመው። ሒሳቡን የማያውቅ ሰው እዚህ ጋ ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ኮዱን ሲያገላብጥ ያድራል።

ትልልቆቹ ሞዴሎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ አንዲት ቁጥር ሳትሆን ቢሊዮኖች መሆናቸው ነው። ቢሊዮኖቹን በአንድ ላይ ለመያዝ ማትሪክስ ያስፈልጋል፤ ሊኒየር አልጀብራው የሚመጣው በዚህ ነው። ስህተቱን ከመጨረሻው ደረጃ ወደ ኋላ እያከፋፈሉ የእያንዳንዷን ቁጥር ድርሻ የማስላት ዘዴ ባክፕሮፓጌሽን ይባላል። ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊሊያምስ በ1986 ባወጡት ጽሑፍ በሰፊው እንዲታወቅ አደረጉት። ብዙ ኮርሶች ላይ ተማሪው ይህን ያለ ምንም ዝግጁ መሣሪያ፣ ከባዶ እንዲጽፈው ይታዘዛል። ፓይቶርች የተባለው መሣሪያ በአንድ መስመር ይሠራዋል፤ ቢሆንም ያዙታል። እኔ በዚህ ከአስተማሪዎቹ ጋር ነኝ።

## ቴሲሱ ላይ ምን ይሠራል?

ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው።

አንድ እውነተኛ መረጃ እንውሰድ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2017 ለተመራማሪዎች የለቀቁት የደረት ራጅ ስብስብ አለ። 112,120 ምስሎች ናቸው፤ የ30,805 ሰዎች። ተማሪው ሞዴሉን በከፊሉ ያሠለጥናል፣ የቀረውን ለፈተና ያስቀምጣል። ምስሎቹን በዘፈቀደ ደባልቆ 80 ከመቶውን ለሥልጠና፣ 20 ከመቶውን ለፈተና አደረገ እንበል። ያማረ ውጤት መጣ። አማካሪው ግን ጉዳዩን አልወደደውም።

ቁጥሩን እዩት። በአማካይ ለአንድ ሰው ከሦስት በላይ ራጅ አለ። በዘፈቀደ ሲከፈል የአንዱ በሽተኛ አንዱ ራጅ ሥልጠናው ውስጥ፣ ሌላው ፈተናው ውስጥ ይገባል። ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን ሰውዬውን፣ የአጥንቱን ቅርጽና ደረቱ ላይ ያለውን ሽቦ ሊያስታውስ ይችላል። የፈተናው ወረቀት ከዋዜማው እጁ የገባ ተማሪ ከመቶ መቶ ቢያመጣ ማን ይደነቃል? በዘርፉ ይህ የዳታ መፍሰስ ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በምስል ሳይሆን በሰው መክፈል። ችግሩን ማየቱ ነው ከባዱ።

ይህም አልፎ ሌላ ወጥመድ አለ። በ2018 የወጣ ጥናት፣ የሳንባ ምች እንዲለዩ የሠለጠኑ ሞዴሎች ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየት እንደሚችሉ አሳይቷል። በአንዱ ሆስፒታል በሽታው ከሌላው በብዙ እጥፍ ከበዛ፣ ሞዴሉ ሳንባውን በቅጡ ሳያይ «ይህ ከዚያኛው ሆስፒታል ነው፣ ስለዚህ ታሟል» ብሎ ነጥብ ሊሰበስብ ይችላል። አዲስ ሆስፒታል ሲወስዱት ጉዱ ይፈላል።

ጥሩ አማካሪ ቴሲስ ሲያነብ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ታዲያ ተደጋጋሚ ናቸው። ከቀላሉ ዘዴ ጋር አወዳድረሃል ወይ? ከሞዴሉ ይቺን ክፍል ብታወጣት ውጤቱ በምን ያህል ይወርዳል? በሌላ መነሻ ቁጥር አምስት ጊዜ ብትደግመው ያው ይመጣል? አማካዩን ትተን ለየቡድኑ ብናየውስ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ምን ልታመጣ እንደምትችል የታየው በአንድ የማስተርስ ቴሲስ ነው። ጆይ ቡኦላምዊኒ በኤምአይቲ በ2017 ያቀረበችው ሥራ ነበር። ከትምኒት ገብሩ ጋር ሆና በ2018 በጥናት መልክ አሳተመችው። የሦስት አገር የአፍሪካና የሦስት አገር የአውሮፓ የፓርላማ አባላትን 1,270 ፎቶዎች ሰበሰቡ። ፆታን ከፊት ይለያሉ የተባሉ ሦስት ለገበያ የቀረቡ ሶፍትዌሮችን ፈተኑባቸው። ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 ከመቶ ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም። አዲስ ሞዴል አልሠሩም፤ የነበረውን በትክክል ለኩት። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ሶፍትዌራቸውን አሻሻሉ።

## ውድ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ምን ይሆናል?

በ2012 ኢሜጅኔትን ያሸነፈው ሞዴል የሠለጠነው እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ሚሞሪ ባላቸው ሁለት ጂፒዩዎች ነበር፤ ለጌም የሚሸጡ ዓይነት። ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ፈጀ። ጂፒዩ በመጀመሪያ ለምስል የተሠራ፣ ብዙ ቀላል ስሌት ጎን ለጎን የሚሠራ ቺፕ ነው። የዛሬዎቹን የቋንቋ ሞዴሎች መሠረት የጣለው ትራንስፎርመር የተባለው የ2017ቱ ሞዴል እንኳ ትልቁ ዓይነት ስምንት ጂፒዩ ላይ በ3.5 ቀን ነው የሠለጠነው። ዛሬ ግንባር ቀደሙን ሞዴል ከባዶ ማሠልጠን በሺዎች የሚቆጠሩ ቺፖች ይጠይቃል። የዩኒቨርሲቲ አቅም አይደለም።

ተማሪው ታዲያ ምን ይሠራል? ክፍት የሆኑ ሞዴሎችን ወስዶ ለራሱ ጉዳይ ያስተካክላል። በ2021 የወጣው ሎራ የተባለ ዘዴ ዋናውን ሞዴል ሳይነካ ጥቂት ቁጥሮችን ጨምሮ እነሱን ብቻ ያሠለጥናል። 175 ቢሊዮን ቁጥሮች ባሉት ጂፒቲ-3 በተባለው የቋንቋ ሞዴል ላይ የሚሠለጥኑትን ቁጥሮች በ10,000 እጥፍ ቀንሷቸዋል። ከዚያ ሌላ አዲስ መረጃ መሰብሰብ፣ ትንንሽ ሞዴሎች ላይ መመራመር፣ የሌሎችን ሞዴል መፈተሽ አለ። የቡኦላምዊኒ ሥራም ብዙ ጂፒዩ የሚጠይቅ አልነበረም። ብቻ ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ተማሪ የሚጠቀምበት የጂፒዩ ክላስተር፣ ማለትም በአንድ ላይ የተያያዙ ባለ ጂፒዩ ኮምፒውተሮች አሉ ወይ? ወረፋውስ ስንት ቀን ነው?

## ለመግባት ምን ይጠየቃል? ማንስ ይከፍላል?

ወረቀቶቹ የታወቁ ናቸው። ትራንስክሪፕት፣ ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና። አይኤልትስ ብዙውን ጊዜ 6.5 ወይም 7 ይጠየቃል። ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ትምህርት ክፍሎች ትተውታል። ትራንስክሪፕቱ ላይ መጀመሪያ የሚታዩት የሒሳብና የፕሮግራሚንግ ኮርሶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የዓላማ መግለጫው ላይ ነው። «ኤአይ ዓለምን እየቀየረ ነው» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አንባቢውን ያሰለቸዋል፤ በዚያው ቀን ሃምሳ ሰው ያንኑ ጽፎለታል። የሠራችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ምን ሞከራችሁ፣ የት ተበላሸ፣ ለምን ተበላሸ፣ ቀጥሎ ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ። የድጋፍ ደብዳቤም ስም ካለው ሰው ይልቅ ሥራችሁን ከሚያውቅ ሰው ይሻላል። «በክፍሌ ጎበዝ ተማሪ ነበር» የሚል የዲን ደብዳቤ ብዙ አይረዳም።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ ግልጽ ልዩነት አለ። ፒኤችዲ በአብዛኛው ተከፍሎህ የምትማረው ነው። አሜሪካ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ የወር መተዳደሪያ ይሰጣል። ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና የስካንዲኔቪያ አገሮች ላይ ተማሪው እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ የሚያገኝበት አሠራር የተለመደ ነው። የራስህን ገንዘብ እየከፈልክ ኤአይ ፒኤችዲ መማር ብዙም አይመከርም።

ማስተርስ ግን በአብዛኛው ከኪስ ነው። መውጫዎች አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የሆነው ኢራስመስ ሙንዱስ በተለያዩ አገሮች እያዘዋወረ ያስተምራል። የጀርመኑ ስኮላርሺፕ ሰጪ ዳአድም አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቺቭኒንግ በዚያው አገር የአንድ ዓመት ማስተርስን ይሸፍናል፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከምረቃ በኋላም ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል። አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የኑሮ ወጪ መሸፈን መቻልህን ግን ለቪዛ ማሳየት ግድ ነው። የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም በ2018 ኪጋሊ ላይ የማሽን ኢንተለጀንስ ማስተርስ ጀምሯል። አቡ ዳቢ ደግሞ በ2019 ይፋ የሆነ፣ በድኅረ ምረቃ ብቻ የተጀመረ የኤአይ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሥራውን መልቀቅ ለማይፈልግ፣ ጆርጂያ ቴክ ከ2014 ጀምሮ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስን በኦንላይን በርካሽ ይሰጣል፤ ኤአይ ከዘርፎቹ አንዱ ነው።

ቀኑን አትርሱ። የአሜሪካ ፒኤችዲ ማመልከቻ በብዛት ዲሴምበር ላይ ይዘጋል፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በቀጣዩ መጸው ነው። አብዛኛው ስኮላርሺፕም ከዓመት በፊት ነው የሚከፈተው።

## ያለ ዲግሪው አይሆንም?

እንደ ሥራው ነው። ዝግጁ ሞዴሎችን ከድርጅት ሥራ ጋር የሚያያይዝ ገንቢ ለመሆን ማስተርስ የግድ አይደለም። ጥሩ ፕሮግራመር ከሆናችሁ የነፃ ኮርሶችና የሚታይ ሥራ ይበቃሉ። በትልቅ ላብራቶሪ ተመራማሪ ለመሆን ግን በአብዛኛው ፒኤችዲ ወይም ተመጣጣኝ የታተመ ሥራ ይጠየቃል። ማስተርሱ መሐል ላይ ነው። ከሌላ ሙያ ለመሻገር፣ ለፒኤችዲ ለመዘጋጀት፣ ወይም ማስታወቂያው ራሱ «ማስተርስ» ለሚላቸው ሥራዎች ይጠቅማል።

«ኤአዩ ራሱ ኮድ እየጻፈ ኤአይ መማር ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። ኮዱን አዎ፣ ይጽፈዋል። ራጆቹን በምስል እንጂ በሰው እንዳልከፈለ ማየት ያለበት ግን ኮዱን የሚያነበው ሰው ነው።

ገንዘብና ዓመት ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁን በነፃ መፈተን ትችላላችሁ። ስታንፎርድ ሲኤስ229 የሚባለውን የማሽን ለርኒንግ ኮርስ ማስታወሻዎች ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። የኮርሱን «ዜሮኛ» የቤት ሥራ ፈልጉት። ስለ ኤአይ አንድም ነገር የለውም፤ ሊኒየር አልጀብራና ባለ ብዙ ተለዋዋጭ ካልኩለስ ብቻ ነው። ለግማሽ ቀን ተቀመጡበት። ከጨረሳችሁት፣ ወይም ባትጨርሱትም ጥሟችሁ ልትነሱ ካቃታችሁ አመልክቱ። መጀመሪያው ጥያቄ ላይ ከቆማችሁ መጀመሪያ ስድስት ወር ለሒሳቡ ስጡትና የሚቀጥለውን ዙር ጠብቁ፤ ፕሮግራሞቹ በየዓመቱ ይከፈታሉ።